ከምላጩ በፊት ሁለት ሰዓት

እህቴን ሆስፒታሉ በሙሉ «ቆይ እስቲ» ይላታል። ዘበኛው፣ ካርድ ክፍሎቹ፣ ሐኪሞቹ፣ ሁሉም። ፊት ለፊት ሲያገኟት «ሲስተር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «ቆይ እስቲ ገብታለች?»፣ «ዛሬ ተረኛዋ ቆይ እስቲ ናት?» ነው ወሬው። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ሠራተኛው አፉን አዳልጦት በቅጽል ስሟ ቢጠራት «አቤት» ብላ ዞረች። ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው።

እኔ ታናሿ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ «እታለም» ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ጸጉሬን ያበጠረችኝም ጆሮዬን የቆነጠጠችኝም እሷ ናት። አሁን አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንሠራው፦ እሷ ማዋለጃ ክፍል፣ እኔ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለችው የስፌት ክፍል። የአልጋ ልብስ እቀመቅማለሁ፣ የተቀደደ ጋውን እጠግናለሁ፣ ለኦፕራሲዮን የሚሆነውን መሀሉ ቀዳዳ የሆነ አረንጓዴ ጨርቅ እሰፋለሁ። ስለ እታለም የምናገረው እንግዲህ የሰማሁትንና ያየሁትን ነው። መነሻው ግን የራሴ ሆድ ላይ ያለው ጠባሳ ነው።

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሦስቱም በኦፕራሲዮን ነው የተወለዱት። የመጀመሪያው ሊመጣ ሲል ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንኳን ሕመም ጉንፋን የማያውቀኝ ሴት ነበርኩ። ጠዋት ወገቤን ቆረጥ ሲያደርገኝ ባሌ ደንግጦ ታክሲ ጠራ። አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረስን። አዋላጇ አየችኝና «ሁለት ሴንቲ ነው» አለች። የማህፀኔን በር ማለቷ ነው። ልጅ እንዲወጣ አስር ሴንቲሜትር ያህል መከፈት አለበት። ሁለት ማለት ምጡ ገና ጫማውን እያሰረ ነው ማለት ነው።

ግን አልጋ ሰጡኝ። ግሉኮስ ሰኩልኝ። በጀርባሽ ተኚ፣ እንዳትነሺ፣ ውሃም እንዳትቀምሺ አሉኝ። ባሌን ከበር መለሱት። ጣሪያውን እያየሁ ዋልኩ፤ ጥግ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ ዛሬም ሣይው ብባል እሥለዋለሁ። አስር ሰዓት ላይ አንድ ሐኪም መጣና ሰዓቱን አይቶ «አልገፋም፤ እናውጣው» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጄን ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማንን ልውቀስ? ምን አውቄ?

ሁለተኛው ሲመጣ «አንዴ የተቆረጠች አታምጥም» አሉኝ፤ ተቆረጥኩ። ሦስተኛዋ ላይ እንግዴ ልጁ የድሮው ጠባሳ ላይ ሥር ሰዶ ተገኘ። አልላቀቅ አለ። ደሜ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ። ልጅቷን አወጡ፣ እኔን ለማትረፍ ደግሞ ማህፀኔን አወጡት። በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ እታለም አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ያን ጊዜ የምትሠራው ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ስልኩ እንደደረሳት በተገኘው መኪና ተሳፍራ መጥታ ደም ሰጥታኛለች።

«ደሜን ሰጥቼሻለሁ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ግትር ብትሆኚ አይፈረድብሽም።»

መሳቅ አልቻልኩም፤ ስፌቱ ያዘኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«የመጀመሪያውን ልትወልጂ ስትመጪ ስንት ሴንቲ ነበርሽ?»

«ሁለት።»

«ውሃሽ ፈሶ ነበር?»

«አልፈሰሰም።»

«የልጁ ልብ ደክሞ ነበር?»

«ደህና ነው ነበር የሚሉኝ።»

ከዚያ የአልጋ ልብሴን ጫፍ እያስተካከለች «ትናንት ሊገድልሽ የነበረው ያ ቀን ነው» አለች። ከስድስት ወር በኋላ ዝውውር ጠይቃ እዚሁ ሆስፒታል፣ እኔ የተቆረጥኩበት ክፍል ውስጥ አዋላጅ ሆና ገባች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንደበቷ የተቆለፈ ይመስል ነበር። ሥራዋን ትሠራለች፤ የምሳ ሰዓቷ ሲደርስ የወሊድ መዝገቡን ታቅፋ እኔ ጋ ትመጣለች። የስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ ባለፈው አንድ ዓመት የወለዱትን ሴቶች መስመር በመስመር ታነባለች፤ ደብተሯ ላይ ትጭራለች። ከመቶ ሴት አርባ ሦስቱ ተቆርጠዋል። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አጠገብ የተጻፈው ምክንያት ሁለት ቃል ነው፦ «ምጥ አልገፋም»። የእነዚህን ካርድ አስወጥታ አንድ በአንድ አየች። አብዛኞቹ አልጋ የያዙት እንደ እኔ በሁለትና በሦስት ሴንቲ ነው።

«ያልተነሳ መኪና አልሄደም ብለው ጎማውን ይፈቱታል» አለችኝ።

ሌላም ነገር አገኘች። ቀናቱን ስትደረድር አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪሞቹ ለሰንበት ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ፣ ቁጥሩ ቁልል ይላል።

«አርብ አርብ የሴት ማህፀን ይቆለፋል እንዴ?»

«እኔንም እኮ ሐሙስ ሐሙስ ጨርቅ ጨምሪ ይሉኛል» አልኳት። «ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

ቀና ብላ አየችኝና ይህንንም ጻፈች።

የክፍሉ ኃላፊ የማህፀን ሐኪም ናቸው፤ ሠራተኛው «ወርቅ እጅ» ይላቸዋል። ሲሰፉ ክሩ አይታይም። ቁጡ ናቸው፤ ግን ክፉ አይደሉም። እታለም ደብተሯን ይዛ ቢሯቸው ገባች። የሆነውን ራሷም ነግራኛለች፣ ጸሐፊያቸውም በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ምን ልሁን ነው የምትይው?» አሏት ደብተሩን ካዩ በኋላ። «መቶ ሴት ብቆርጥ ማንም አይጠይቀኝም። አንዷን ስጠብቅ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ግን ዘመድ አዝማዱ፣ ቦርዱ፣ ፍርድ ቤቱ ይጠይቀኛል። ይሄን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«እኔ እጠይቅዎታለሁ። ለምን ቆረጡ ብዬ። አንድ ሰው እንኳ መጠየቅ አለበት።»

«ውጪልኝ!»

ወጣች። በማግስቱ ተመልሳ ገባች። በሦስተኛውም ቀን። በአምስተኛው ቀን ወርቅ እጅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«አንቺ ሴትዮ የጥርስ ሕመም ነሽ። ሦስት ወር፣ ሁለት ክፍል ልስጥሽ፤ ሞክሪው። የልጅ ልብ ምት ትንሽ ቢዛባ ወዲያው ትጠሪኛለሽ። የሆነ ነገር ቢፈጠር ግን አንተዋወቅም።»

«እንተዋወቃለን እንጂ። ፊርማዎ ያስፈልገኛል» አለችና ያዘጋጀችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማንኛዋም ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ሁለተኛ ሐኪም ሳያያት ወደ ኦፕራሲዮን አትገባም ይላል። ፈረሙ፤ እስክሪብቶውን ግን ወረወሩት።

ከዚያ ወገቧን ታጠቀች። ከሁለቱ ክፍሎች መሀል ለመሀል የተገተሩትን አልጋዎች ወደ ግድግዳ አስጠጋች። ወንበር አስገባች፣ ምንጣፍ አስነጠፈች፣ ሴቶች ተንጠልጥለው ወገባቸውን የሚያሳርፉበት ወፍራም ገመድ ከጣሪያው ብረት ላይ አሠራች። ገመዱን በጨርቅ የለበጥኩት እኔ ነኝ። ምጧ ገና ያልጠነከረ ሴት አልጋ አትይዝም፤ ተመርምራ፣ የልጁ ልብ ተደምጦ፣ ቤቷ ቅርብ ከሆነ ትመለሳለች፣ ሩቅ ከሆነ መጠባበቂያው ክፍል ውስጥ እየበላች እየጠጣች ትንጎራደዳለች። አልጋ የሚሰጣት አምስት ሴንቲና ከዚያ በላይ ስትደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ የልጁ ልብ ምት፣ በየአራት ሰዓቱ የማህፀኑ በር፣ የምጡ መከታተያ ቅጽ ላይ በነጥብ ይሰፍራል። ቅጹ ድሮም ነበረ። ይሞላ የነበረው ግን ልጁ ከተወለደ በኋላ፣ ለወጉ ያህል ነው።

እያንዳንዷ ሴት የምትፈልገውን አንድ ሰው ይዛ እንድትገባም ፈቀደች። አሥራ አንድ ዓመት ባሎችን ሲያባርር የኖረው ዘበኛ ይሄንን ሲሰማ «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለ ከልቡ አዝኖ። «መንገድ አሳያቸው» አለችው። ዛሬ ባሎችን ጀርባ እንዴት እንደሚታሽ ኮሪደር ላይ የሚያስተምር እሱ ነው።

ያስቸገሯት የገዛ ባልደረቦቿ ናቸው። በተለይ ዋናዋ አዋላጅ፣ እትዬ አለቃ የምንላቸው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገሉ ሴት። ከንፈራቸውን ሸርመም አድርገው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ ሰው በተሰበሰበበት። ሁሉም ሳቀ። እታለምም አብራ ሳቀች።

«እትዬ» አለቻቸው ሳቁ ሲያልፍ፣ «ሥራ የጀመሩበት ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን ነበረው?»

«ከየት አምጥቶ! መብራት እንኳ አልነበረውም።»

«ታዲያ ምጥ የጠናባትን ሴት እንዴት አድርገው ያዋልዱ ነበር?»

እትዬ አለቃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ ሴቲቱን እንዴት ደረጃ እንደሚያስወጡና እንደሚያስወርዱ፣ መቼ እንደሚያስቆሙ፣ መቼ በጉልበቷ እንደሚያንበረክኩ፣ መቼ ዝም ብለው አጠገቧ እንደሚቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። እታለም ትጽፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አለቃን የሚነካ ሰው ቢመጣ እታለም ናት የምትቆጣው፣ እታለምን የሚነካ ቢመጣ ደግሞ እሳቸው።

በመጀመሪያው ወር አንዲት ትኬት ቆራጭ መጣች። የከተማ አውቶቡስ ላይ የምትሠራ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ግን ሦስት ፌርማታ የሚሰማ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አብራት የገባችው አማቷ ናት። ጠዋት በአምስት ሴንቲ ተቀበሏት፤ አምስት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነች፤ ከዚያ ቀጥ አለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይም ስድስት። የዕለቱ ተረኛ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ለኦፕራሲዮን ክፍሉ ደወለ። እኔ ለዚያ ነው ጨርቅ ይዤ የመጣሁት፤ በሩ ላይ ስደርስ አማቲቱ እየጮኸች ነው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ልጅቷ አለቀች እኮ! ቁረጡልኝ!»

«እማማ፣ አንዴ ይቀመጡ» አለች እታለም።

«አልቀመጥም!»

ትኬት ቆራጯ ላብ አጥምቋት «ሺህ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ የመቆረጥ ተራዬ ደረሰ» አለች። ምጥ ላይ ሆና መቀለዷ ገረመኝ።

እታለም ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አስደግፋ የልጁን ልብ ሰማች። የፈሰሰውን ውሃ ቀለም አየች፤ ንጹሕ ነው። ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ሽንት ከሸናሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

ማንም አላስታወሰም። ከጠዋት ጀምሮ ነው።

«ከበላሽስ?»

«ትናንት ማታ።»

እታለም ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ የልጁ ልብ ደህና ነው፣ የእናትየውም ግፊት ደህና ነው። ፊኛዋ ሞልቶ መንገድ ዘግቷል፣ አቅም የላትም፣ ልጁ ደግሞ ጀርባውን ለጀርባዋ ሰጥቶ ተቀምጧል። እስኪ ሁለት ሰዓት ስጠኝ። ልቡን በየሩብ ሰዓቱ ራሴ አዳምጣለሁ፣ ራስህም ና ስማ። አንዴ ከተዛባ እኔው ነኝ አልጋውን የምገፋው።»

«ሲስተር፣ ክፍሉን አዘጋጅተዋል።»

«ይጠብቁ። ቆይ እስቲ።»

ወጣቱ ወርቅ እጅን ጠራ፤ ደንቡ ሁለተኛ ሐኪም ይላልና። እሳቸው መጡ፣ ቅጹን አነበቡ፣ መረመሩ፣ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ዘጠኝ ተኩል» አሉ። «አንድ ደቂቃ አልጨምርም።» ግን አልሄዱም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስበው ጋዜጣ ዘርግተው ተቀመጡ። ገጹን ሲገልጡ አላየሁም።

እታለም ልጅቷን ሽንት ቤት ወሰደቻት። ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ሰጠቻት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ በእጇና በጉልበቷ አስቆመቻት፤ ሕፃኑ ወደ ፊት ተንከባሎ እንዲዞር። አማቲቱን «እማማ፣ ከወገቧ በታች እዚህ ጋ በመዳፍዎ ይጫኑ፤ ምጡ ሲመጣ ጠበቅ፣ ሲሄድ ለቀቅ» አለቻት። ሴትየዋ እያጉረመረመች ጀመረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማጉረምረሙ ቆመ፤ ሁለቱ ሴቶች አብረው መተንፈስ ያዙ። እኔ ጨርቄን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ወደ ሥራዬ መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እታለም መረመረቻት። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ድሮም ካርታ ስንጫወት እንዲህ ነች።

«ዘጠኝ ሴንቲ። ልጁም ዞሯል።»

ጋዜጣው ኮሪደሩ ላይ ሲታጠፍ ሰማሁ። አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እንደ እናቱ ሦስት ፌርማታ የሚሰማ ድምፅ ይዞ። አማቲቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ቁረጧት ያልኩት እኮ ጩኸቷን መስማት አቅቶኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች እታለም። «አብዛኛውን ሰው የሚያስቆርጠው እሱ ነው።»

ሁሉም ግን እንዲህ አላለፈም፤ ይህንንም እናገራለሁ። በሁለተኛው ወር አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ልትወልድ መጣች። የማህፀኗ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መግፋት ከጀመረች በኋላ ነገሩ ተጓተተ። እታለም አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያለች ጠበቀች። ልጁ ሲወጣ ዝልፍልፍ ብሎ ነበር፤ ወዲያው አላለቀሰም። ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን መጥባት ጀመረ፣ ዳነ። እነዚያን ሦስት ቀናት እህቴ እህል በአፏ አልዞረም። በሁለተኛው ቀን እናትየው አልጋ አጠገብ ቆማ «ልጁ ከመውጣቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ሐኪም መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻት። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሆስፒታሉ «ይኸው፣ አላልንም?» የሚለው ወሬ ተነሣ። እኔም ትታው ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«የጎደለውን ልጽፍ።»

በማግስቱ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። አንዲት ሴት መግፋት ከጀመረች በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ ሐኪም የግድ እንደሚጠራ፣ አዋላጇ የፈለገውን ያህል ተስፋ ቢኖራትም፣ ተጽፏል። ከሥሩ ምክንያቱ በእሷ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ የራሷን ስህተት ከነቀኑ። ወርቅ እጅ ቆመው አነበቡት። ከፊርማዋ በታች ፈረሙ፤ በዚህኛው ጊዜ እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከምሳ በፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ሩጫ ሰማሁ። በስፌት ክፍሌ በር ብቅ ስል ስትሬቸር እየበረረ ነው። እትዬ አለቃ በዚያ ዕድሜያቸው ይገፋሉ፤ ስትሬቸሩ ላይ አንዲት አትክልት ነጋዴ ዳሌዋ በትራስ ከፍ ብሎ ተኝታለች፤ እታለም ደግሞ እዚያው ስትሬቸር ላይ ተንበርክካለች። አንድ እጇ አይታይም። ሴትየዋ በደህና እያማጠች ውሃዋ በድንገት ሲፈስ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ወጥቷል። የልጁ ጭንቅላት እትብቱን ከተጫነው ደም ይቋረጣል፣ ልጁ በደቂቃዎች ይሞታል። እታለም ጭንቅላቱን በጣቶቿ ወደ ላይ ደግፋ ይዛለች።

«ጨርቅ!» ብላ ጮኸች ስታየኝ። ያለኝን ሁሉ አፍሼ ተከተልኩ።

ወርቅ እጅ የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው ሊወጡ ነበር፤ በሩ ላይ ተገናኙ።

«አሁን፣ ዶክተር! አሁኑኑ!»

ቁልፉ መሬት ላይ ወደቀ። እትዬ አለቃ በኋላ እንደነገሩኝ እትብቱ ከታየበት እስከ ልጁ ጩኸት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ወርቅ እጅ ከላይ ሲከፍቱ እታለም በአረንጓዴው ጨርቅ ሥር እንደተንበረከከች፣ እጇን ሳታነቃንቅ፣ ሕፃኗ ከላይ ተስባ እስክትወጣ ቆየች። ጤነኛ ሴት ልጅ።

እጃቸውን ጎን ለጎን ሲታጠቡ ወርቅ እጅ «ዛሬ ቆይ እስቲ የት ሄደች?» አሏት። በቅጽል ስሟ ፊት ለፊት የጠራት ሰው ከላቦራቶሪው ሰውዬ ቀጥሎ እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ እረፍት ናት» አለች።

ማታ ቤት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት እኔ ነኝ በሞቀ ውሃ ያሸኋት። «ያቺ ሴት ምላጭ ባይኖር ኖሮ ልጇን ቀብራ ነበር የምትሄደው» አለችኝ። «ምላጩን ጠልቼው አላውቅም። ዝም ብሎ ሲነሣ ነው የማልወደው።»

ሦስቱ ወር አለቀ። በሁለቱ ክፍሎች ከመቶ የሚቆረጡት ሠላሳ አራት ሆኑ። ወርቅ እጅ ማንም ሳይነግራቸው ደንቡን ወደ ሁሉም ክፍሎች አወረዱት። ዓመቱ ሲያልቅ ቁጥሩ ሃያ ስድስት ነበር፤ የሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከበፊቱ አልጨመረም፣ እናትም አልሞተችብንም። ሐሙስ ሐሙስ ጨርቅ ጨምሪ የሚለኝ የለም።

ባለፈው ወር ታዲያ ከጤና ቢሮ አንድ ሰው መጣ። ክራባት ያሠረ፣ ፈገግታው ያማረ ሰው። የወርቅ እጅ ቢሮ መጋረጃ ሊቀየር ስለነበር እኔ ወንበር ላይ ቆሜ መስኮቱን እየለካሁ ነው። እታለምም ተጠርታ ተቀምጣለች። ሰውዬው አመሰገነ፣ አወደሰ፣ ከዚያ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ።

«በሚቀጥለው ዓመት ግባችን አሥራ አምስት ነው። ከመቶ አሥራ አምስት። በትልቁ አሳትመን ኮሪደሩ ላይ እንሰቅለዋለን።»

«አይሰቀልም» አለች እታለም።

ሰውዬው ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። «ሲስተር፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ሥራ ውጤት ነው።»

«አይደለም። እኔ ቁጥር አልቀነስኩም። መቆረጥ የሌለባትን ሴት ጠበቅኳት፣ መቆረጥ ያለባትን ሮጬ አስገባኋት፤ ቁጥሩ ራሱን ችሎ ወረደ። ይሄን ወረቀት ከሰቀሉት አንድ ቀን አንዲት ሴት መጥታ፣ አሥራ አምስቱ ሞልቷልና ጠብቂ ትባላለች። ያን ቀን እኔ እዚህ ክፍል አልሠራም።»

«ቢሮው ግን ቁጥር ይፈልጋል።»

«ይፈልግ። እኔ ምክንያት ልሰጥዎት እችላለሁ። የተቆረጠችውን እያንዳንዷን ሴት ለምን እንደተቆረጠች፣ ማን እንዳያት፣ ስንት ሰዓት እንደተጠበቀች። ሁሉም ተጽፏል፤ ቁጭ ብለው ያንብቡ።»

ሰውዬው ወደ ወርቅ እጅ ዞረ፤ ያግዙኛል ብሎ መሰለኝ። እሳቸው መነጽራቸውን በጋውናቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

«እሷ ያለችውን ጻፍ» አሉት። «አለበለዚያ ነገም ትመጣብሃለች፤ ከነገ ወዲያም። እኔ ስለማውቃት ነው።»

ሰውዬው ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረ። ይኸኔ አንዲት አዋላጅ በሩን አንኳኩታ ራሷን አስገባች፤ መጠባበቂያ ክፍል የነበረችው ሴት ስድስት ሴንቲ ደርሳለች፣ ባሏ ደግሞ ራሱን ስቶ ዘበኛው ደግፎ ይዞታል አለች። እታለም «ባልየውን ውሃ ስጡት፣ እሷን አስገቧት፣ መጣሁ» አለችና ከሰውዬው ጋር ተጨባብጣ ወጣች። እኔም የመስኮቱን ቁመት ወረቀቴ ላይ ጽፌ ከወንበሩ ወረድኩ።